በጎርፍ ከተዘጋው ዋሻ 13ቱ እንዴት ወጡ?

በእሳት፥ በመሬት መንቀጥቀጥ ወይም በጎርፍ አደጋ ሰው በተያዘ ጊዜ ወገኑ እርሱን ለማዳን የሚያደርገው ጥረት ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ይሁን እንጂ በ2010 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ በታይላንድ አገር እንደ ተደረገው ያለ፥ ዕውቀትና ድፍረት፥ ትዕግሥትና ኅብረት በአንድ ስፍራ ተገናኝተው የታዩበት ሥራ ብዙ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የፈለግሁት 12 ልጆችና አንድ አሠልጣኛቸው ጎርፍ በዘጋው ዋሻ ውስጥ እንዴት እንደ ተያዙና በምን ዘዴ እንደ ወጡ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር የክፍላችን ተማሪዎች ከመምህራችን ጋር የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለመጐብኘት ወደ ባሌ ሄደን ነበር። ከዋሻው አፍ በደረስን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ፥ ፀሐዩም የሚያቃጥል ነበር። መንገድ ይመሩን የነበሩት ሽማግሌ ግን ከወንዙ ዳር ቁጢጥ ብለው ውኃውን ሲመለከቱ ቈዩና «ልጆቼ፥ ውኃው መደፍረስ ጀምሯል። ከላይ ከተራራው ዝናብ ጥሏል ማለት ነው፤ ዛሬ ከዚህ አናልፍም» አሉን። መምህራችንም የሽማግሌውን ቃል ተቀብለው መለሱን። ያን ያህል መንገድ ተጕዘን የዋሻውን ደጃፍ ብቻ አይተን በመመለሳችን ሁላችንም አዘንን። እኔም በመመለሻችን መኪና ውስጥ «ሽማግሌው ፈሪ ናቸው» ብዬ ጓደኞቼን አስቄአለሁ። የታም ሉዋንግን ታሪክ በደንብ ካነበብሁ በኋላ ግን ያ ሳቅ በኅሊናዬ ቀርቶ ያሳፍረኝ ጀመር። እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ዋሻው እንዴት ያለ ነው?

ዋሻው የሚገኘው በሰሜን ታይላንድ በቺያንግ ራይ ግዛት፥ ለምያንማር ድንበር ቅርብ በሆነ ተራራ ሥር ነው። ስሙም «ታም ሉዋንግ ናንግ ኖን» ይባላል። «ታም ሉዋንግ» ታላቅ ዋሻ ማለት ሲሆን «ናንግ ኖን» ደግሞ የተኛች ሴት ማለት ነው፤ ተራራው ከሩቅ ሲያዩት በጀርባዋ የተንጋለለች ሴት ስለሚመስል ነው። የዋሻው ርዝመት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ተራራው የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይዞ በወረደ ጊዜ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ የኖራ ድንጋይን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ስንጥቁ ቀዳዳ፥ ቀዳዳው መተላለፊያ፥ መተላለፊያውም አዳራሽ ይሆናል። የእኛም የሶፍ ዑመር ዋሻ፥ የወይብ ወንዝ በውስጡ የሚያልፍበትና 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፥ የተቦረቦረው በእንዲህ ያለ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

ከዚህ አፈጣጠር ሁለት አደገኛ ነገሮች ይመጣሉ። አንደኛው፥ ተራራው እንደ ወንፊት ስለ ሆነ በላዩ የጣለው ዝናብ በየቀዳዳው እየሰረገ ወደ ዋሻው ይገባል፤ ስለዚህ በዋሻው አፍ ፀሐይ እያለ ከሩቅ የዘነበው ውኃ በሆዱ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው፥ የዋሻው ወለል ልክ እንደ ጎዳና የተስተካከለ ሳይሆን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች የሚል ነው። የጎማ ቱቦ ወስደን መካከሉን ወደ ታች አጕብጠን ጥቂት ውኃ ብናፈስበት፥ ውኃው በዝቅተኛው ስፍራ ይረጋና አየር እንዳያልፍ ይዘጋዋል። ቱቦው ግን በሁለቱም ጫፍ ባዶ ነው። በዋሻም እንዲሁ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ደረቅ መሬት ሳለ መካከሉ እስከ ጣራው በውኃ ይሞላል። ከውስጥ ያለ ሰው በሩ ሲዘጋበት የሚያውቀው ሊወጣ በተመለሰ ጊዜ ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ልጆቹ እንዴት ተያዙ?

ቅዳሜ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. «የዱር አሳማዎች» የተባለው የእግር ኳስ ቡድን ልጆች ልምምዳቸውን ከጨረሱ በኋላ በብስክሌት ወደ ዋሻው ሄዱ። ልጆቹ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ዓመት የሚደርስ 12 ነበሩ። አብሯቸው የነበረው ረዳት አሠልጣኝ ደግሞ የ25 ዓመት ወጣት ነው። አሳባቸው አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ለመመለስ ነበርና ምግብ አልያዙም። ከዋሻው አፍ አጠገብ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ መግባት አደገኛ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር። እነርሱ የገቡት ግን ገና በሰኔ ነው፤ የዚያን ዓመት ብርቱ ዝናብ የጽሑፉን ቀን ሳይጠብቅ መጣ።

ሊወጡ በተመለሱ ጊዜ መንገዱ በውኃ ተዘግቶ አገኙት። አሠልጣኙ ገመድ በሰውነቱ አስሮ፥ ገመዱን በሳብሁ ጊዜ መልሳችሁ ጐትቱኝ ብሎ ልጆቹን አዝዞ ወደ ውኃው ገባ፤ ነገር ግን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሊያገኝ ስላልቻለ ተመለሰ። ውኃውም እየጨመረ ስለ ሄደ ወደ ውስጥ እየሸሹ፥ በመጨረሻ ከዋሻው አፍ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ከፍ ያለ የጭቃና የድንጋይ መደብ ላይ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ያለ ምግብ፥ በጨለማና በብርድ እንዴት ሊቈዩ ቻሉ? የዚህ ምክንያት ከአሠልጣኙ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ወጣት ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣና ለብዙ ዓመታት በቡድሃ ገዳም ያደገ ነበር። ልጆቹ የደፈረሰውን የጎርፍ ውኃ ትተው ከዋሻው ግድግዳ የሚንጠባጠበውን ንጹሕ ውኃ ብቻ እንዲጠጡ አደረገ። በከንቱ እንዳይንቀሳቀሱና የባትሪ መብራታቸውን በቍጠባ እንዲይዙ መከራቸው። በገዳም የተማረውን ተመስጦ አስተምሮ ፍርሃታቸውን አበረደላቸው። ልባቸው ሥራ እንዳይፈታም በድንጋይ ስባሪ ግድግዳውን በየተራ ይቈፍሩ ነበር። ቍፋሮው መውጫ ባይሆናቸውም ተስፋ እንዳይቈርጡ ረድቷቸዋል።

የፍለጋው ዘጠኝ ቀኖች

በዚያው ሌሊት ወላጆች ልጆቻቸው ባለመመለሳቸው ተጨንቀው መጡ፤ የተገኘው ግን በዋሻው አፍ የቆሙ ብስክሌቶች ብቻ ነበር። ፖሊሶችና የአካባቢው ሰዎች ወደ ውስጥ ገቡ፤ ቀጥሎም የታይላንድ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች መጡ። እነዚህ ጐበዞች በባሕር የተፈተኑ ነበሩ፤ ዋሻ ግን ሌላ ነው። በባሕር የጠለቀ ሰው ቢቸግረው ወደ ላይ ይወጣል። በዋሻ ውስጥ ግን ከራስ በላይ ያለው ድንጋይ ነው፤ አየር የሚገኘው በመጡበት መንገድ በመመለስ ወይም ወደ ፊት በመሄድ ብቻ ነው። ውኃውም በጭቃ ስለ ደፈረሰ ሰው የገዛ እጁን ማየት አይችልም። ጠላቂው የሚተማመነው ወደ ኋላው በሚዘረጋው ገመድ ነው፤ ገመዱ ከእጁ ከወጣ ጠፋ ማለት ነው።

በአካባቢው ይኖር የነበረ ዋሻውን የሚያውቅ አንድ እንግሊዛዊ ለዚህ ሥራ የሚበቁት በዋሻ መጥለቅ የለመዱ ሰዎች መሆናቸውን ለባለሥልጣኖቹ አስረዳ። ስለዚህ ሪክ ስታንተንና ጆን ቮላንተን ከእንግሊዝ አገር ተጠርተው ሰኔ 20 ቀን ደረሱ። የሚያስደንቀው ነገር እነዚህ ሰዎች ወታደሮች አለመሆናቸው ነው። ስታንተን ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፥ ቮላንተን ደግሞ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበሩ። ዋሻ መጥለቅ በትርፍ ጊዜያቸው የሚወዱት ጨዋታ ነበር።

እዚህ ላይ በብዙ ሰው ዘንድ የማይታወቅ አንድ ነገር ልናገር። በእነዚያ ቀኖች ጎርፉ በድንገት ከፍ በማለቱ አራት የውኃ መሳቢያ ሠራተኞች በዋሻው ውስጥ ተይዘው ነበር። ሁለቱ እንግሊዛውያን አገኙአቸውና አንድ በአንድ በውኃ ውስጥ አሳልፈው አወጡአቸው። በውኃ ውስጥ ያለው መንገድ እጅግ አጭር ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰዎቹ ጐልማሶች ሲሆኑ በድንጋጤ እየታገሉ ጠላቂዎቹን አስቸገሩአቸው። ጠላቂዎቹም ይህን ባዩ ጊዜ፥ ትልቅ ሰው ለአንድ አፍታ እንዲህ ከሆነ ልጅ ለብዙ ሰዓት እንዴት ይሆናል? የሚል ጥያቄ በልባቸው ቀረ። በኋላ ለተደረገው ውሳኔ መሠረቱ ይህ ነው።

ሰኔ 25 ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሁለቱ ጠላቂዎች ገመዳቸውን እየዘረጉ ወደ ውስጥ ሲገፉ ከውኃው ብቅ ባሉበት ስፍራ የሰው ሽታ ሸተታቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመብራታቸው ብርሃን ከሲታ ልጆች አንድ በአንድ ከመደቡ ሲወርዱ አዩ። «ስንት ናችሁ?» ብለው ቢጠይቁ «13» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ከተያዙት መካከል እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ልጅ ነበረና ያስተረጕም የነበረው እርሱ ነው። የቋንቋ ትምህርት ምን ይጠቅመናል ለምንል ተማሪዎች ይህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

በምን መንገድ ይውጡ?

ልጆቹ በመገኘታቸው ዓለም ሁሉ ደስ አለው። ጠላቂዎቹ ግን ደስታቸው ከሐዘን ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ ምክንያቱም ማግኘት አንድ ነገር፥ ማውጣት ሌላ ነገር መሆኑን ያውቃሉ። የለመደ ጠላቂ እንኳ ከዋሻው አፍ ተነሥቶ ልጆቹ ካሉበት ደርሶ ለመመለስ 11 ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። የቀረቡትም አሳቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ ተራራውን ከላይ መብሳት። ይህ ልጆቹ ያሉበትን ስፍራ በትክክል ማወቅን፥ ወፍራም ድንጋይ መቈፈርንና ብዙ ጊዜን የሚጠይቅ ሆነ።

ሁለተኛ፥ ሌላ መግቢያ መፈለግ። ለዚህም ብዙ ሰዎች ጫካውን ሲያስሱ ከረሙ። ከደቡብ ታይላንድ ደሴት፥ በገደል ላይ እየተንጠላጠሉ የወፍ ጎጆ በመልቀም የሚተዳደሩ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ቀዳዳ ሁሉ ፈተሹ፤ ልጆቹ ወዳሉበት የሚያደርስ ግን አልተገኘም።

ሦስተኛ፥ ክረምቱ እስኪያልፍ ምግብ እያደረሱ መጠበቅ። ይህ መጀመሪያ ደኅና አሳብ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ከዚህም በላይ አየሩ ተበላሸ። እኛ የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 21 እጅ ኦክሲጅን አለበት። ልጆቹ ባሉበት ስፍራ ግን ወደ 15 ወርዶ ተገኘ። በዚህ መጠን የሰው አእምሮ መዛል ይጀምራል፤ ከዚህ ዝቅ ካለ ለሕይወት ያሰጋል። ዝናቡም እንደ ገና እንደሚበረታ የአየር ጠባይ አዋቂዎች ተናገሩ።

አራተኛ፥ ውኃውን ማድረቅ። የውኃ መሳቢያ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ሠሩ፤ በተራራው ላይም በጎ ፈቃደኞች ምንጮቹን እየገደቡ በቀርከሃ ቧንቧ ውኃውን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሱት። በጠቅላላው የወጣው ውኃ ከ1 ቢልዮን ሊትር በላይ እንደ ሆነ ተገምቷል። ይህ ውኃ የወረደው በገበሬዎች የሩዝ እርሻ ላይ ነው። ሰብላቸው ከጠፋባቸው ገበሬዎች መካከል ካሣ አንቀበልም ያሉ ነበሩ። አንዲት የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤትም የጠላቂዎቹን ጭቃ የነካው ልብስ ሌሊት ሌሊት በነጻ እያጠበች ታደርስ ነበር። በዚህ ሥራ የተሳተፉት ሰዎች ከ10,000 እንደሚበልጡ ተነግሯል። «50 ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለ50 ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ውኃውን ጨርሶ ማድረቅ ግን አልተቻለም።

እንግዲህ የቀረው አምስተኛው፥ ሁሉም የሚፈራው መንገድ ነበር፤ ይኸውም ልጆቹን በውኃ ውስጥ ማውጣት ነው። ይህ መንገድ ምን ያህል አስፈሪ እንደ ሆነ ሰኔ 29 ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ታየ። ሳማን ኩናን የተባለው ሰው ቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ የነበረና ሥራውን ከለቀቀ በኋላ በአውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ የነበረ ነው፤ ልጆቹን ለመርዳት በፈቃዱ መጣ። የአየር ጋኖችን በዋሻው ውስጥ አድርሶ ሲመለስ ራሱን ስቶ ሕይወቱ አለፈ። የሠለጠነ ሰው ያልተረፈበትን መንገድ፥ ዘጠኝ ቀን የተራበ ልጅ እንዴት ያልፈዋል?

የሐኪሙ ውሳኔ

ጠላቂዎቹ ያሰቡት ዘዴ ልጆቹን በመድኃኒት አስተኝቶ እንደ ዕቃ ተሸክሞ ማውጣት ነበር። የነቃ ልጅ በጨለማ ውኃ ውስጥ ቢደነግጥ ጭምብሉን ከፊቱ ይነቅላል፤ እርሱም ተሸካሚውም ይሞታሉ። የተኛ ልጅ ግን አይታገልም። ለዚህ የሚሆን ሰው በዓለም ላይ ሲፈለግ ሪቻርድ ሃሪስ የተባሉ አውስትራልያዊ ተገኙ። እኒህ ሰው የማደንዘዣ ሐኪም ሲሆኑ የዋሻ ጠላቂም ነበሩ። ከጓደኛቸው ከክሬግ ቻለን፥ ጡረታ ከወጡት የእንስሳት ሐኪም ጋር መጡ።

ዶክተር ሃሪስ አሳቡን በሰሙ ጊዜ የሚሆን አልመሰላቸውም ነበር። በሆስፒታል ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ትንፋሹና የልቡ ምት ያለ ማቋረጥ ይጠበቃል። እዚህ ግን የተኛው ልጅ ፊቱ ወደ ውኃ ተደፍቶ፥ ሐኪም በሌለበት ሦስት ሰዓት ያህል ሊጓዝ ነው። ጭምብሉ ጥቂት ውኃ ቢያስገባ ወይም የልጁ ምራቅ ጉሮሮውን ቢዘጋው ማንም ሳያውቅለት ይሞታል። በሌላ በኩል ደግሞ ከዋሻው ቢቀሩ በረኀብ፥ በበሽታ ወይም በአየር እጦት ቀስ ብለው መሞታቸው ነው። ሐኪሙ ልጆቹ ካሉበት ድረስ ጠልቀው ገብተው በዓይናቸው ካዩአቸው በኋላ ሥራውን ተቀበሉ። የታይላንድ መንግሥትም አንድ ነገር ቢደርስ ሐኪሙ በሕግ እንዳይጠየቁ ዋስትና ሰጠ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ሁለት ክፉ መንገዶች ከፊት ቀርበው አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ፥ «እኔ የለሁበትም» ብሎ መሸሽ ቀላል ነበር። ሐኪሙ ግን ቢሳካ ሁሉም የሚያመሰግነውን፥ ባይሳካ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚከተላቸውን ሥራ በገዛ እጃቸው ሊሠሩ ተስማሙ።

የሥራው አካሄድ እንደዚህ ነው። አስቀድሞ በአካባቢው በሚገኝ የትምህርት ቤት መዋኛ የአገሩ ልጆች ፈቅደው ገብተው ልምምድ ተደረገባቸው። በዋሻው ውስጥ በየተራው የሚወጣው ልጅ የመጥለቂያ ልብስ ይለብሳል፤ የሚያረጋጋ ክኒን ይውጣል። ከዚያም ከዶክተሩ ጭን ላይ ተቀምጦ በአንደኛው እግሩ ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣ፥ በሌላው እግሩ ምራቅ የሚያደርቀውን አትሮፒን ይወጋል። እንቅልፍ ሲወስደው ፊቱን በሙሉ የሚሸፍን ጭምብል ይደረግለታል። በጭምብሉ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ውኃ የበለጠ ግፊት እንዲኖረው ይደረጋል፤ በዚህ ምክንያት ጭምብሉ ጥቂት ቢላቀቅ እንኳ አየር ይወጣል እንጂ ውኃ አይገባም። እጆቹም ድንገት ቢነቃ ጭምብሉን እንዳይነካ ወደ ኋላ ይታሰራሉ። ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ፊቱ ወደ ውኃው ሲደፋ አረፋ እየወጣ መሆኑ ይታያል፤ አረፋው የትንፋሹ ምልክት ነውና።

ኬታሚን ኃይሉ የሚቈየው ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፥ ልጁን የሚሸከመው ጠላቂ በመንገድ ላይ እንደ ገና መውጋት ነበረበት። ስለዚህ ሐኪሞች ያልሆኑት ጠላቂዎች መርፌ መውጋት ተምረው፥ የተሞሉ መርፌዎች ይዘው ሄዱ።

ሦስቱ ቀኖች

እሑድ ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ። ልጆቹን የሚሸከሙት ስታንተን፥ ቮላንተን፥ ጄሰን ማሊንሰንና ክሪስ ጂዌል ነበሩ፤ በየመካከሉም ሌሎች ጠላቂዎች የአየር ጋን ለመለወጥና ለመርዳት ይጠብቁ ነበር። አንድ ጠላቂ አንድ ልጅ ይይዛል። በአንድ እጁ ገመዱን፥ በሌላው ልጁን ይዞ፥ የልጁ ራስ ከድንጋይ እንዳይጋጭ በገዛ ራሱ እየተከላከለ፥ ምንም በማይታይበት ውኃ ውስጥ ይሄዳል። ውኃ ከሌለባቸው ስፍራዎች ሲደርስ ልጁን የሚቀበሉ ሰዎች በቃሬዛ ያሳልፉታል። ከሦስተኛው አዳራሽ ወዲህ ደግሞ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ፥ በገመድም እየጐተቱ እስከ ዋሻው አፍ ያደርሱታል።

በመጀመሪያው ቀን አራት ልጆች ወጡ። በማግሥቱ አራት ወጡ። ማክሰኞ ሐምሌ 3 ቀን የቀሩት አራቱና አሠልጣኙ ተራቸው ደረሰ። በዚህ ቀን ከጠላቂዎቹ አንዱ ልጅ ተሸክሞ ሳለ ገመዱ ከእጁ ወጣ። በጨለማው ውስጥ ሲዳስስ የኤሌክትሪክ ሽቦ አገኘና እርሱን ተከትሎ ወደ ኋላው አዳራሽ ተመለሰ፤ ከዚያም ረዳት አግኝቶ መንገዱን ቀጠለ። ልጆቹ ከተገኙ ጀምሮ አብረዋቸው የነበሩት አንድ የጦር ሠራዊት ሐኪምና ሦስት የባሕር ኃይል ጠላቂዎች ሁሉንም ከሸኙ በኋላ በመጨረሻ ወጡ። እነርሱ በወጡበት ሰዓት ዋናው የውኃ መሳቢያ መኪና ተበላሸና ውኃው እንደ ገና ከፍ ይል ጀመር፤ ከውስጥ ያሉት ሠራተኞችም ዕቃቸውን እየጣሉ ሮጠው አመለጡ። ሥራው አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

13ቱም በሕይወት ወጡ። ሐምሌ 11 ቀን ከሆስፒታል ወጥተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ዶክተር ሃሪስ ግን ሥራቸውን ጨርሰው ገና ከዋሻው እንደ ወጡ የአባታቸውን መሞት ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ያለውንም በአጭሩ ልናገር። ከልጆቹ 11ዱና አሠልጣኙ ለሳማን ኩናን መታሰቢያ እንዲሆን ለጥቂት ቀኖች በቡድሃ ገዳም ገብተው ጸሎት አደረጉ፤ አንዱ ልጅ ክርስቲያን ስለ ሆነ አልገባም። ከቡድኑ መካከል ዜግነት ያልነበራቸው ሦስት ልጆችና አሠልጣኙ የታይላንድ ዜግነት ተሰጣቸው። ሐዘንም አልቀረም። በዋሻው ሥራ ላይ ሳለ በደም መመረዝ የታመመው ሌላ የባሕር ኃይል ጠላቂ በ2012 ዓ.ም. ዐረፈ። የቡድኑ አምበል የነበረው ልጅም በእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ትምህርት ሲከታተል በ2015 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ በሰማ ጊዜ «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጣቱንም ወደ አሠልጣኙ ይቀስራል። አሠልጣኙ ራሱ ገና በዋሻው ውስጥ ሳለ በጠላቂዎች እጅ በላከው ደብዳቤ ወላጆችን ይቅርታ ጠየቀ። ወላጆቹ ግን እንደማይቀየሙት ጽፈው፥ ልጆቻቸውን እንዲጠብቅላቸው አደራ አሉት። እኔ የምፈርደውም እንደ ወላጆቹ ነው። ስሕተቱ ሳይታሰብ የተደረገ ነው፤ ከስሕተቱ በኋላ የሠራው ግን ታስቦበት የተሠራ ነው። ከልጆቹም አንዱ በዚያው ጊዜ በጻፈው ደብዳቤ መምህሩ የቤት ሥራ እንዳያበዙበት ለምኗል። ይህን ለመምህሮቻችን እንዲሁ አስታውሼ አልፋለሁ።

ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው። 13 ሰዎችን ለማውጣት ከ10,000 በላይ ሰዎች፥ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ዕውቀት፥ የገበሬዎች ሰብልና የደግ ሰዎች ሕይወት ተከፍሏል። ያ ሁሉ ሳይሆን አደጋውን ሊያስቀረው ይችል የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ከዋሻው አፍ ቆሞ ውኃውን የሚያነብና «ዛሬ አይሆንም» የሚል ሰው። እንዲህ ያለው ሰው ግን ዋጋው አይታወቅለትም። ያዳነው አደጋ ስላልደረሰ ጋዜጣ አያወራለትም፤ ያዳናቸውም ሰዎች መዳናቸውን ሳያውቁ ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቅጠሉን የያዘውን ሰው ግን አናመሰግነውም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ወደ ወንዝ፥ ወደ ዋሻ ወይም ወደ ገደል ለሽርሽር በምንሄድበት ጊዜ ወዴት እንደምንሄድ ለቤተ ሰቦቻችን እንንገር፤ በዝናብ ወራት ከዋሻና ከደረቅ ወንዝ እንራቅ፤ ከሁሉም በላይ የአገሩን ሰው ቃል እንስማ። የአገሩ ሰው መጽሐፍ ባያነብ ወንዙን ያነባል።

የሶፍ ዑመሩ ሽማግሌ ይህን መጽሔት አያገኙት ይሆናል። በዚያ በኩል የሚያልፍ አንባቢ ግን ቢኖር፥ ከዋሻው ደጃፍ ሲያገኛቸው ከእኔ የሚከተለውን ይንገርልኝ፦ አባባ፥ ያን ዕለት «ፈሪ» ያልኩዎ እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። መምህራችንም ይህን ስለሚያነቡ፥ ያን ቀን ስለ መለሱን ዛሬ በክፍላችን ስም አመሰግናቸዋለሁ።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ